ጳጉሜ ሦስት ያነበብኩት ስላይድ

ሆሳዕና፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ለአቢጋኤል አባት፣

የጌታ ሰላም ያለህበት ድረስ ይምጣልህ። እንደ ደንቡ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንዳለህ አውቄዋለሁ። ሆሴዕ፣ ታመሃል። የሳንባ ቲቢ ነው። ከዚህ ሳትሄድም ነበረብህ። ይህን ወረቀት ቀደህ መጣል ካማረህ ቅደደው፤ ግን መጀመሪያ ይህችን ጨርስ፦ ደብዳቤው በደረሰህ ማግስት ሱቅህን ዝጋ፣ አቅራቢያህ ወዳለ የመንግሥት ክሊኒክ ሂድና «ከዓመት በላይ ያስለኛል፣ አክታዬን መርምሩልኝ» በል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ ንዴቱም ይቅርታውም፣ ከዚህች በኋላ የሚመጣ ነው።

በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል ትል ይሆናል። ታዲያ ምን ላድርግ? ስልኬን ዘግተህብኛል። በሥራ ባልደረባዬ በሊሻን ስልክ ብደውል ድምፄን ሰምተህ ዘጋህ። የድምፅ መልእክት ላኩልህ፣ ሳትከፍተው እንደተቀመጠ ነው። በእናትህ በኩል እንዳልነግርህ ደግሞ እናትህን ታውቃቸዋለህ፤ «ቲቢ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ድንኳን ያስጥላሉ። ስለዚህ ናስረዲንን ያዝኩት። እዚያ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሰጥህ የኸይረዲን ታናሽ ወንድም፣ እዚህ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው። ነገ ከጁምዓ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ቅዳሜ አንተ ወዳለህበት አገር ይበራል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ እዚህ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ደብዳቤውን ይቀበለኛል። ሁለት ሰዓት አለኝ። ይህን እስክጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

አቢጋኤል ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿ ሁለቱ ወልቀው «ስ» ማለት አቅቷት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይስቁባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። እናትህ ጉልበታቸውን እያመማቸውም ቢሆን ከቸርች አይቀሩም። ዝናቡ ዘንድሮ በዛ፣ የግቢው አጥር በአንድ በኩል ወድቋል፣ ወንድምህ አሠራለሁ ብሎ እንዳለ አለ። ይኸው ወሬው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ገጽ እሞላልህ ነበር፤ ዛሬ ልቤ አይቀመጥልኝም።

ነገሩ የተነሳው ከእናትህ ነው። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ክንዴን ያዝ አደረጉና «የአቢ እናት፣ ልጄ በስልክ ሲያወራኝ ያስለዋል» አሉኝ። «ብርድ ይሆናል እማዬ፣ እዚያ አገር ይበርዳል» አልኳቸው። «ብርዱን ተዪው» አሉ፤ «ያው የድሮው ሳል ነው። የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አላውቀውም እንዴ?» ከዚያ ስልካቸውን አወጡና የላክህላቸውን ፎቶ አሳዩኝ፤ ሱቅህ በር ላይ የቆምክበትን። ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። የቀበቶህ ጫፍ ታጥፎ ወደ ጎን ተርፏል። ውይ ሆሴዕ! እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። እናትህ ናፍቆት መስሏቸው አጽናኑኝ።

ባጃጅ በምትነዳበት ጊዜ እኔን ለመውሰድ ስትመጣ በላቦራቶሪው መስኮት አንገትህን አስግገህ «አንቺ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቱቦ ምንድን ነው የምታዪው?» ትለኝ ነበር። «የሰው ገመና» እልህ ነበር። አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላስረዳሁህም። ዛሬ ላስረዳህ፤ ያለዚያ ያደረግሁት ነገር አይገባህም።

ማይክሮስኮፕ ማለት ሌላ ምንም ሳይሆን ብርሃንን መንገድ ማስያዝ ነው። ከሥር አምፖል አለ፣ ወደ ላይ ያበራል። መብራት የጠፋ ቀን በአምፖሉ ፈንታ መስታወት ገጥመን ወደ መስኮቱ እናዞረዋለን፤ ፀሐይም ትሠራለች። ከመብራቱ በላይ ኮንደንሰር የምንለው ሌንስ አለ፤ የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ አክታው በስሱ በተቀባበት ቁራጭ መስታወት፣ በስላይዱ ላይ ያሳርፈዋል። እዚያው ላይ የሚጠብና የሚሰፋ በር አለ፣ ብርሃኑን የምንመጥንበት። ብርሃኑ ስላይዱን አልፎ ከላይ ወዳለችው ትንሽ ሌንስ ይገባል። እሷ መቶ እጥፍ አጉልታ ምስሉን ቱቦው ውስጥ ትሠራዋለች። ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ ደግሞ ያንኑ የጎላውን ምስል እንደገና አሥር እጥፍ ያጎላዋል። መቶ በአሥር አንድ ሺህ ነው። ታዲያ ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ ስላይዱን ወደ ቀኝ ስትገፋው እሱ ወደ ግራ ይሸሻል። ስማር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ እጅ ጋር ስጣላ ነበር።

ቆይ፣ መጣሁ።

ተመለስኩ። አንዲት ነፍሰ ጡር ለደም ምርመራ መጥታ መዝግቤያት ነው። ዛሬ ሥራዬ መመዝገብ ብቻ ነው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ሊሻን ናት። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

መቶዋን ሌንስ ስንጠቀም ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ እናደርጋለን፣ ሌንሷም ዘይቱን ትነካለች። «ደግሞ ዘይት? ልትጠብሺው ነው እንዴ?» ብለህ የሳቅህብኝ ትዝ ይለኛል። ዱላ ውሃ ውስጥ ስትከት የተሰበረ ይመስልሃል አይደል? ብርሃን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነው። ከስላይዱ ወደ አየር ሲወጣም እንደዚያው ይታጠፍና ወደ ጎን ያመልጣል፣ ሌንሷ ሳትይዘው ይቀራል። ያ ዘይት ግን ብርሃንን የሚያጥፈው ልክ እንደ መስታወቱ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ከመስታወት ወደ ዘይት ሲገባ አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሷ ይገባል። የምግብ ዘይት አይደለም እንግዲህ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው።

ሰው ሁሉ ዋናው ማጉላት ይመስለዋል። አይደለም! በወራቤ መንገድ ከሩቅ መኪና ሲመጣ ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ሆነው ይታዩህ ነበር፣ «ሞተር ነው» ትል ነበር፤ ሲቀርብ ነው ሁለት የሚሆኑት። ያንን የሩቁን በስልክህ ፎቶ አንስተህ ብታጎላው ትልቅ አንድ መብራት ይሆናል እንጂ ሁለት አይወጣውም። የማይክሮስኮፕ ሥራ ሁለቱን ሁለት አድርጎ መለየት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰፋ ብሎ ከየጎኑ የሚገባ ብርሃን ያስፈልገዋል። ኮንደንሰሩ ወደ ታች ወርዶ ከቆየ ብርሃኑ ይጠብና የሁሉ ነገር ጠርዝ ይደበዝዛል። ማየት ታያለህ፣ ግን ያየኸው ምን እንደሆነ ለመለየት ትቸገራለህ።

የመጨረሻዋ ትንሿ ማዞሪያ ናት፣ ከጎን ያለችው። በአንድ ሺህ እጥፍ ስታይ በአንድ ጊዜ ጥርት የሚልልህ እጅግ ስስ የሆነ አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ከእሱ በላይም በታችም ያለው ብዥ ይላል። ስለዚህ ያቺን ማዞሪያ በጣት ጫፍ ነካ ነካ እያደረግን ነው የምንፈትሸው። የቲቢ ጀርም በቀለማችን ቀይ ይሆናል፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ዘንግ ነው። ችግሩ ሳይታጠብ የቀረ የቀለም ቅሪትም ቀይ መሆኑ ነው። እንዴት ይለያሉ? ማዞሪያዋን ነካ ታደርጋለህ። ቅሪት ከሆነ ከሌላው ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ሌላው ሲጠራ እሱ ይደበዝዛል፣ ያብረቀርቃል፣ ቅርጹ ይፈርሳል። ጀርሙ ግን ከዙሪያው ጋር አብሮ ይጠራል፣ አብሮ ይደበዝዛል። ሁለት ሴኮንድ የማይፈጅ ሥራ ነው። በመነጽሩ የሚታየውን ክብ «ፊልድ» እንለዋለን፤ ኔጌቲቭ ብለን ለመጻፍ ቢያንስ መቶ ፊልድ ማየት አለብን። ሕጉ ይኸው ነው፣ በሕልሜም አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ካቻምናዋ ጳጉሜ ሦስት እንምጣ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል።

መቼም አልረሳኸውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስልህ እናትህ ናቸው በግድ የላኩህ። ወደዚያ አገር የሚያሻግርህ ደላላ ለመስከረም ስድስት ቀጥሮሃል። ሦስት ወር ሙሉ «አትሂድ» ብዬ አልቅሻለሁ፣ ሽማግሌ አስቀምጫለሁ፣ ወንጌላዊውን ሳይቀር ቤታችን ጠርቻለሁ። አንተም ሰልችቶሃል። ያን ቀን አክታህን በዕቃው ይዘህ ኮሪደሩ ላይ ቆምክና፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ ከአንተ ጋር የመጡት ሁለት የባጃጅ ልጆች እየሳቁ «ምርመራ አያስፈልግም እኮ፣ የምታነበው ሚስቴ ናት! እንዳልሄድ ብላ ፖዘቲቭ ትለኛለች፣ ታያላችሁ» አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የካርድ ክፍሏ ልጅ እንኳ ሳቀች።

እኔ አፈር ልብላ! አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ አንድም ሰው ውጤቴን አልተጠራጠረም። የራሴ ባል ግን በሰው ፊት ውሸታም አደረገኝ። ገባሁ፣ ቀባሁ፣ ቀለም አደረግሁ፣ አጠብኩ፣ ተቀመጥኩ። ደሜ ፈልቷል። መቶ ፊልድ አላየሁም ሆሴዕ። ሠላሳ ያህል አይቻለሁ። ከዚያ አንዷ ፊልድ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለች አየሁ።

እጄ ማዞሪያዋ ላይ ነበር። አላዞርኳትም።

«ቅሪት ነው» አልኩ ለራሴ፣ ድምፅ አውጥቼ። ምክንያቱም ባዞራት አውቃለሁ። ካወቅኩ ደግሞ ወጥቼ «ፖዘቲቭ» ማለት አለብኝ፣ ያ ሁሉ ሰው «አላለንም?» ብሎ ይስቃል፣ አንተም እስከ ዕድሜ ልክህ «በውሸት አስቀረችኝ» ትለኛለህ። ተነሳሁ። ደንቡ የሚያዘውን የማግስት ጠዋት ሁለተኛ አክታ እንኳ አምጣ አላልኩህም። ኔጌቲቭ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ኮሪደር ወጥቼ በሰው ሁሉ ፊት «እንካ፣ ሂድ!» ብዬ ሰጠሁህ። ፊትህ ወደቀ። ያኔ ያፈርክ መሰለኝ። አሁን አሁን ግን እንዳስቀርህ ፈልገህም ይመስለኛል፣ ልጠይቅህ መብት የለኝም እንጂ።

በሽኝት ጸሎቱም አልተገኘሁም። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ያሆዴን፣ ዘመን መለወጫችንን እንኳን ሳታሳልፍ ሄድክ።

ስላይዱንም ያነበብናቸው በሚቀመጡበት ሳጥን ውስጥ አላስቀመጥኩትም። በየሦስት ወሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት መጥተው ከዚያ እያነሱ ያጣራሉ። እኔ ያንተን በሶፍት ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ልብ በል፣ ቅሪት ነው ብዬ ከልቤ ያመንኩ ሰው ብሆን ለምን እደብቀዋለሁ? ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መብራት ሄደ፣ ሊሻን መስታወቱን ገጥማ ወደ መስኮቱ እያዞረች ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል በሩን አያለሁ፣ ናስረዲን ቶሎ እንዳይመጣብኝ። እየቸኮልኩ ስለሆነ ፊደሉን ታገሰኝ።

ሊሻን ጥቅምት ላይ ነው የተመደበችው፣ የቡታጅራ ልጅ ናት። በመጣች በሁለተኛው ቀን ማይክሮስኮፑን ጎንበስ ብላ አየችና «ዓለምዬ፣ ይሄ ኮንደንሰር እኮ ወርዷል! በዚህ ነው የምታነቡት?» አለችኝ። ወደ ላይ መለሰችው፣ ሌንሱን ጠረገችው። አጎንብሼ ሳይ ሁሉም ነገር ጠርዝ አወጣ። ሆሴዕ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። «ማሽኑ ነው! እኔ አይደለሁም!» አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ እናትህ ፎቶውን አሳዩኝ። ምክንያቴም አለቀ። ኮንደንሰሩ ወርዶም ቢሆን አይቻታለሁ፤ ያላደረግሁት ማዞሪያዋን ማዞር ነው።

ሰኞ ጠዋት ስላይዱን ከመሳቢያ አውጥቼ ለሊሻን ሰጠኋት። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር ዘይቱን አጥባ እንደገና ቀለም ቀባችው። ከዚያ ተቀመጠች። እኔ በር ላይ ቆሜ እጆቼን እያሸሁ ስትቆጥር እሰማለሁ። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። መቶውን ስትጨርስ ቀና ብላ «ሰባት አግኝቻለሁ፣ ይሄ ሰው መድኃኒት ጀምሯል?» አለችኝ። «የሆሴዕ ነው» አልኳት። ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ።

ትናንት ለኃላፊያችን ለአቶ ጥላዬ ሁሉንም ነገርኩት። «እህት ዓለሚቱ፣ ባትነግሪኝ ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ። «ባሌ እየከሳ ነው» አልኩት። የፊታችን ሰኞ ጉዳዬ በኮሚቴ ይታያል። እስከዚያ ስላይድ አላነብም፤ በሳጥኑ ያሉትን፣ እኔ ያነበብኳቸውን ሁሉ፣ ሊሻን እንደገና እያየች ነው። እስካሁን ስህተት አልተገኘም። ያጠፋሁት ባንተ ላይ ብቻ ይመስላል። ያ ደግሞ ይበልጥ ያመኛል።

አቢጋኤልንም፣ እናትህንም፣ ራሴንም አስመርምሬያለሁ። የራሳችንን እኔ አላየሁትም፣ ሊሻን ናት ያነበበችው። ሦስታችንም ነፃ ነን፣ ጌታ ይመስገን። ለእናትህ «የአረጋውያን ምርመራ ነው» ብያቸዋለሁ።

አሁን ያንተን ስማኝ። «የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፣ ይይዙኛል» ትል ይሆናል። ከዚያ አገር የተመለሱትን የፎንቆ ከተማ ልጆች ጠይቄያለሁ፤ ክሊኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ሳልህን ነው ብለውኛል። ከፈራህ ናስረዲን አብሮህ ይሄዳል። እዚያ ምናልባት እንደኛ በዓይን አያዩትም፣ በማሽን ነው የሚያደርጉት፣ ማሽን ደግሞ በሰው አይናደድም። ከተገኘብህ መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። ሁለት ወር ስትውጥ ይሻልሃል፣ «ድኛለሁ» ትልና ማቋረጥ ያምርሃል። አታቋርጥ! አውቅሃለሁ፣ የወባ መድኃኒት እንኳ ጨርሰህ አታውቅም። አብረውህ የሚያድሩትም ልጆች ይመርመሩ። የምትተኛበትን ክፍል መስኮት ክፈት፣ ቢበርድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ይባላል፤ ያንተን በሽታ የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ደግመህ እንዳትደብቀው።

ይቅር በለኝ አልልህም። እልሃለሁ፣ ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ይቅርታ ብለምንህ አንተ ስለ እኔ ማሰብ ትጀምራለህ፤ እኔ ስለ ሳንባህ እንድታስብ ነው የምፈልገው። ከፈለግህ ጥላኝ። ደህና ሆነህ፣ ወፍረህ፣ ቀበቶህ ጠቦህ ጥላኝ። ና ብዬም አልጠራህም። ውጤት አንዴ በእኛ ጠብ ተበላሽቷል፣ ሁለተኛ አላበላሸውም።

በሩ ላይ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ናስረዲን ነው፣ ገና አሥር ሰዓትም አልሆነ! ሊሻን «ቆይ በለው፣ እየጨረሰች ነው» እያለች ዘበኛውን ስትጮህበት ይሰማኛል።

ናስረዲንን በአላህ አስምዬዋለሁ፣ ክሊኒኩ በር ድረስ አድርሶህ እስክትወጣ ሊጠብቅህ። ከዚያ ይደውልልኛል። ከአንተ ጋር አገናኘኝ አልለውም፣ ስለ ምንም አልጠይቀውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፣ «አክታውን ሰጠ ወይ?» ብዬ። አጠገቡ ቆመህ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። መናገር ባትፈልግ አትናገር። ብታስል ግን እሰማሃለሁ።

የአባቶችህ አምላክ እስትንፋስህን ይጠብቅልህ። ከመንገድ፣ ከዘራፊ፣ ከክፉ ቀን ይሰውርህ። ልጅህ ስታድግ ለምርቃት እጅህን የምታገኝ ትሁን።

ስም፦ ሆሴዕ
ናሙና፦ አክታ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.
የታየው፦ መቶ ፊልድ
ውጤት፦ ፖዘቲቭ
ውጤቱን ያረመችና ያመነች፦

ሚስትህ ዓለሚቱ